ጮክ ብዬ አስራ አምስት፣ ቀስ ብዬ ስድስት

ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፒያሳ

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ መይሙና፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለው? ልጅዎ ፈይሩዝ የገዛችልዎ የጆሮ መሣሪያስ አሁንም እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደብዳቤዎ በመጣ ቁጥር ፖስታው ሳይቀደድ «ከመይ ኣላ መይሙና?» ትለኛለች። ደህና ናቸው ስላት ደግሞ «አንብበሽ ነው ወይስ ገምተሽ?» ትላለች።

በመጀመሪያ ይቅርታ። የአይሱዙ ሹፌሩ ኢስማኤል ባለፈው ማክሰኞ አትክልት ተራ በርበሬውን አራግፎ፣ መልስ ሊወስድ ቸርችል ጎዳና እስከ ባንካችን በር ድረስ መጥቶ ነበር። «ወረፋ በዝቶብኛል፣ ቅዳሜ እሰጥሃለሁ» ብዬ መለስኩት። ወረፋ አልነበረም። አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ብር ሊዘረዝር የመጣ። ምን ብዬ እንደምጽፍልዎት ስላላወቅሁ ነው።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ።

የጋሽ እምሩ የቤት ኪራይ ተከፍሏል። አፍንጮ በር ድረስ ሄጄ ስድስት ሺህ ብሩን ለአከራያቸው ለወይዘሮ ለተክርስቶስ በእጃቸው ሰጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ አንዷን መቶ ብር ወደ ፀሐይ አንስተው አይተው «ባንክ የሚሠራ ሰው ፎርጅድ ያመጣል ብዬ ሳይሆን ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉኝ። በራቸው ላይ ቤት ፈላጊ አይጠፋም፤ ከፒያሳ የተነሣ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚያንኳኳው። «ሽማግሌ ነው ብዬ ኪራይ አላሳድርም» ይላሉ፤ አይደብቁም። እንግዲህ ጋሽ እምሩ ያቺን ቤት ካጡ የስፌት መኪናቸውን ተሸክመው የሚሄዱበት የለም።

ጤናቸውስ ላሉኝ፣ ይገርምዎታል፣ ወፍረዋል! ያ የሚያዝያው ሳል እልም ብሎ ጠፋ። የሱሪያቸውን ወገብ ራሳቸው አስፍተው «የራሴ ደንበኛ ሆንኩ» እያሉ ይስቃሉ።

የገንዘቡን ምንጭ አላወቁም። እርስዎ ያንን አምስት መቶ ሃያ ሺህ ብር እኛ ጋ ሲያስቀምጡ «ወለዱ ለእኔ ሐራም ነው፣ አልነካውም፤ በየወሩ ለእምሩ ቤት ኪራይ ይሁን፣ ከእኔ መሆኑን ግን እንዳይሰማ» ያሉኝን ቃል ጠብቄአለሁ። በፈረሙልኝ ወረቀት መሠረት ወለዱ በየወሩ ወደ እኔ ይተላለፋል፣ እኔ ደግሞ አደርሳለሁ። ለጋሽ እምሩ ባንኩ የሠራተኞቹን ዩኒፎርም እንዲጠግኑ ቀጥሯቸው በደሞዛቸው ፈንታ ኪራያቸውን እንደሚከፍል ነግሬአቸዋለሁ። ችግሩ የባንክ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ስለሚውል ልብሱ አይቀደድም። ስለዚህ እኔና አብራኝ የምትሠራው ጸሎት በምሳ ሰዓት ዕቃ ቤት ገብተን የባልደረቦቻችንን ጃኬት በምላጭ እንተረትራለን። እንደዚህ ያለ የበጎ አድራጎት ሥራ ሰምተው ያውቃሉ?

የሒሳቡን ወረቀት ላኪልኝ ላሉት ማተሚያው ተበላሽቷል። እንደተሠራ እልካለሁ።

አክባሪ ልጅዎ ፍዮሪ


ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡታጅራ

ለልጄ ለፍዮሪ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ለእናትሽ ለምብራት «ደህና ነች፣ አንብቤ ነው» በያት።

ባንክ ሆኖ ማተሚያው ይህን ያህል ከሰነበተ ብሬን አውጥቼ ፍራሽ ውስጥ ብሰፋው አይሻልም? እየቀለድኩ ነው። ግን ላኪልኝ። በስልክ ፎቶ አንስቼ ልላክልዎ እንዳትዪ፤ እኔ ሳላየው ፈይሩዝ ታነበዋለች። ልጄ መልካም ልጅ ናት፣ ነገር ግን የእናቷን ስልክ እንደ ጋዜጣ ነው የምታገላብጠው። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት አይጮህም፣ ድገሚልኝም አያስብልም።

መቼ ይመጣሉ ላልሽው፣ ጉልበቴ ነው። የኢስማኤል አይሱዙ ጋቢና ላይ ለመውጣት ደረጃው ከፍ ይላል። ደግሞ ሱቄ የነበረበትን ቦታ ባየው ምን ይሰጠኛል? ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ የሸጥኩበት በር አሁን አበባ የተተከለበት የእግረኛ መንገድ ሆኗል አላልሽኝም? አበባው ያድግ። እኔ እዚሁ ሆኜ የፈይሩዝን ባል እታዘባለሁ። ሰውየው ሻይ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ ለእኔ ጆሮ እንኳ ይደርሳል።

ወፈረ አልሽኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳሉ ጠፋ አልሽኝ። አልሐምዱሊላህ።

በኢስማኤል በኩል በርበሬ ልኬያለሁ፤ ትንሹ ፌስታል ለእናትሽ ነው፣ ትልቁን ለእምሩ ስጪው። ከማን ነው ካለሽ ከገበያ ነው በይው። ጃኬቱን ደግሞ እየተጠነቀቃችሁ ተርትሩ። የሰው ልብስ ነው።

እናትሽ መይሙና


ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፒያሳ

ይድረስ ለእትዬ መይሙና፤

እንኳን ሰላም ከረሙልኝ። በርበሬው ደርሶናል፤ እማዬ ቀምሳ ካስነጠሳት በኋላ «ይሄ ነው በርበሬ» ብላ መረቀችዎት። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ ሁልጊዜ በይቅርታ ነው የምጀምረው፣ ለምዶብኝ እንዳይመስልዎት።

አንድ ጉድ ደርሷል። ጋሽ እምሩ ነቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የባልደረባዬን የቃለአብን ጃኬት ይዤላቸው ሄድኩ። ገና እግሬ ሳይገባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አሉኝ።

«ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው ብብቱ የተተረተረው?»

«በሩ ይዞት ነው ጋሼ።»

«በር የያዘው ልብስ ጨርቁ ነው የሚቀደደው። ጨርቁን ትቶ ክሩን እየመረጠ የሚቆርጥ በር ዕድሜዬን አላየሁም። እስቲ ከየት ነው የተገዛው፣ እኔም አንድ ልግዛ።»

ጃኬቱን ገልብጠው ብብቱን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ያረጀ ስፌት ክሩ ይሳሳል፣ ይላላል፣ ከዚያ ይለቃል። ይህ በምላጭ ነው። የባለፈውም በምላጭ ነው። የጸሎት ጉርድማ ምላጩ ሥጋዋን እንዳይነካው ብዬ አንድ ሌሊት ሙሉ አስቤላታለሁ። ማን ነው የሚከፍለኝ? ባንኩ ነው አትበይኝ። ባንክ ለተተረተረ ብብት በወር ስድስት ሺህ አይከፍልም፤ አዲስ ጃኬት ይገዛል።»

ምን ልበል? ቃሌን ጠብቂ ብለውኛል። ሌላ ስም አልመጣልኝም። «እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እትዬ፣ ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ። ጋሽ እምሩ ተነሡና ግንባሬን ሳሙኝ። «አንቺ? ለአንደኛ ክፍል ዩኒፎርምሽ እጅጌውን አስረዝሜ የሰፋሁልሽ ልጅ? ምሳሽን በሳህን ቋጥረሽ የምትመጪው?» አሉና አነቡ። የእርስዎን ምስጋና እኔ በላሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየኋቸው ቁጥር ይመርቁኛል፤ ምርቃቱ እንደ እሾህ ነው የሚወጋኝ።

ብቻ ፈጽሞ ውሸት ሆነ እንዳይሉኝ፤ እኔም ከኅዳር ወዲህ ትንሽ ጣል አደርግበታለሁ። አሁን ምን ልንገራቸው? የእርስዎን ስም ልጥራ?

የሒሳቡን ወረቀት በሚቀጥለው።

ልጅዎ ፍዮሪ


ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡታጅራ

ፍዮሪ፤

ዛሬ ሰላምታውን ላሳጥረው፣ ኢስማኤል በር ላይ ሞተር አስነሥቶ ነው የሚጠብቀኝ።

ስሜን አትጥሪ። እሱን ለጊዜው ተዪው።

«ትንሽ ጣል አደርጋለሁ» ያልሽው ምንድን ነው? ለምን ትጥያለሽ? ወለዱ ከግብሩ በኋላ ስድስት ሺህ አንድ መቶ ምናምን ነው፣ ለኪራዩ በቅቶ ለታክሲሽ ይተርፋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ ልጄ። ሰው «ትንሽ ጎደለ» ሲለኝ ሜትሬን ነው የማወጣው። ትንሽ ስንት ነው? ከኅዳር ለምን? ማተሚያውስ?

እየተቆጣሁ አይደለም። እንድትጽፊልኝ ነው።

መይሙና


የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፒያሳ

ይድረስ ለእትዬ መይሙና፤

ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። አንደኛው «ማተሚያው» ብሎ ይጀምር ነበር። ማተሚያው ጤነኛ ነው። አንድም ቀን አልተበላሸም።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ሱቅዎ በፈረሰ በሳምንቱ የካሳውን ብር ይዘው የመጡ ቀን ያስታውሳሉ? የዚያን ወር ለእያንዳንዳችን አዲስ አስቀማጭ የማምጣት ታርጌት ተሰጥቶን ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍትዊ ስማችንን ከነቁጥሩ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፤ የእኔ ከታች ሁለተኛ ነበር። ከበታቼ የነበረችው ልጅ በወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ይህን የምነግርዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እንዴት እንደሆነ እንዲያውቁ ነው።

እርስዎ መስኮቴ ፊት ቆመው «ስንት ትሰጣላችሁ?» አሉኝ። ጆሮዎ እንደማይሰማ ስለማውቅ ጮክ ብዬ «አስራ አምስት በመቶ!» አልኩ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን። በር ላይ የቆመው ጥበቃ እንኳ ሰማ። ቀጥሎ ያለውን ግን፣ «ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ፣ ከዚያ ወደ ሰባት ይወርዳል» የሚለውን፣ ለራሴ እንደማወራ አድርጌ ቀስ ብዬ ተናገርኩት። ተናግሬያለሁ። ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ ነግሬያቸዋለሁ ብዬ እምላለሁ። ግን አስራ አምስቱን ጮህኩ፣ ስድስት ወሩን ዋጥኩ። እርስዎም «እሺ ልጄ» ብለው ፈረሙ። በወሩ መጨረሻ ስሜ ወደ ሦስተኛ ከፍ አለና የባንኩ ስም ያለበት ጃንጥላ ሸለሙኝ። ያንን ጃንጥላ እስከ ዛሬ ዘርግቼው አላውቅም፤ ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ስመታ ከረምኩ።

ስድስት ወሩ ጥቅምት ላይ አለቀ። አሁን ወለድዎ ከግብሩ በኋላ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ ብር ነው። ለኪራዩ ከሦስት ሺህ በላይ ይጎድላል። የኅዳርን፣ የታኅሣሥንና የጥርን ከደሞዜ ሞላሁ። የየካቲትን አልቻልኩም። ግማሹን ብቻ ከፈልኩ። ወይዘሮ ለተክርስቶስ «እስከ መጋቢት ሠላሳ ሙሉውን ካላየሁ ቤቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ሰውየውን ስለምወደው ነው ይህን ያህል የምታገሠው» ብለዋል። ጋሽ እምሩ ይህን አያውቁም። እየመረቁኝ ነው።

ለምን በጥቅምት አልነገርሽኝም ይሉኛል። አፍሬ ነው ብል ግማሹ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ብነግርዎት ብሩን ያወጡታል፤ ካወጡት ስሜ ከግድግዳው ላይ ይወርዳል። ይኸው።

ሌላው ሰውም እየመጣ ነው። ባለፈው አቶ ኪሮስ የሚባሉ ጡረተኛ «አስራ አምስቱ የት ሄደ?» ብለው መጡ። በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ከአስራ አምስቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ኮከብ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አስጠግተው አዩና «ልጄ፣ እኔ ዝንብ ያረፈባት መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ሳቅን። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ።

ይቅር ይበሉኝ ለማለትም አፌ አልደፈረም። የሒሳቡን ወረቀት አያይዤዋለሁ።

ፍዮሪ


የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡታጅራ

ለልጄ ለፍዮሪ፤

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለእናትሽ። የእናንተም ጾም ገባ፣ የእኛም ረመዳን ገባ። አንድ ላይ መራብ ጀመርን።

ይህን ያህል ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ አይደለም። አንቺ እውነቱን ከጻፍሽልኝ በኋላ እኔ ውሸቴን ይዤ መልስ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

ስሚ። እኔ ስድስት ወሩን አውቅ ነበር።

ጆሮዬ ከከዳኝ አሥር ዓመቱ። ያ ሁሉ ጡሩምባና ሁካታ ባለበት ፒያሳ ሱቅ ይዤ የነገድኩት እንዴት ይመስልሻል? የደንበኛ ከንፈር እያየሁ ነው። ሰው ዋጋ ሲቀንስ ከንፈሩ እንዴት እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ድምፅሽን ዝቅ ስታደርጊ ድምፁ ለእኔ ያው ነው፤ ከንፈርሽ ግን «ስድስት ወር» አለ። አየሁት። «እሺ ልጄ» ያልኩሽ አይቼው ነው።

ለምን ፈረሙ ትይኝ ይሆናል። ያን ጊዜ እምሩ ከሆስፒታል ከወጣ አራት ቀኑ ነበር። ደረቱ እንደ ወንፊት ያፏጭ ነበር። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ራሱን ነቀነቀ። እኔም በልቤ፣ ስድስት ወር ይበቃዋል አልኩ።

ይበቃዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ፤ አታስጽፊኝ። ከዚያ በኋላ ብሬን አውጥቼ ከወለድ ነፃው ሒሳብ ውስጥ አስገባለሁ፣ እሱም በሰላም ተሸኘ፣ እኔም ንጹህ ሆንኩ ብዬ ነበር። አንቺ «ወፈረ» ብለሽ ስትጽፊልኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ አልነበረም። «አሁንስ ምን ይሻላል?» የሚል ነው የመጣብኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ዳነ ሲሉኝ ቀን የቆጠርኩ ሰው ነኝ። በዚህ በተከበረ ወር ነው የምጽፍልሽ፣ አልዋሽም።

ሌላም አለ። ሱቁ ሊፈርስ ሲል ፎርም የሚሞሉ ልጆች መጡ። ትሑት ልጆች ነበሩ። «እናታችን፣ ከእርስዎ ሌላ በዚህ ቤት የሚሠራ ወይም የሚኖር ሰው አለ?» አሉኝ። እምሩ ቀን በረንዳዬ ላይ ይሰፋል፣ ማታ ከጨርቁ መጋዘን ውስጥ ያድራል። እኔ ጨርቁን እሸጣለሁ፣ እሱ ይሰፋዋል፤ ደንበኛ ሱፍ ገዝቶ ሳይወጣ ልኩን የሚወስደው እሱ ነበር። ልጆቹ ሲጠይቁኝ አጠገቤ ቆሟል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ሁለት ስም ከተጻፈ የካሳው ገንዘብ ለሁለት ይከፈላል ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ይሁን አይሁን እንኳ አልጠየቅሁም። «የለም» አልኩ። እምሩ ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ መርፌ የሚያነሣ መሰለ።

ጉልበቴ ያማል፣ እውነት ነው። አዲስ አበባ ያልመጣሁት ግን በጉልበቴ አይደለም።

ስለዚህ አንቺ ለእኔ ይቅርታ አትጠይቂኝ፣ የምሰጥበት አፍ የለኝም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። እስከ ዛሬ ለእምሩ የሰጠሁት እኔ የማልበላውን ነው። ሸኹ ወለዱን ለችግረኛ ስጪ፣ ምንዳ ግን አትጠብቂበት ብለውኝ ነበር። እኔ ምንዳም ሥርየትም ጠበቅሁበት። ቆሻሻዬን ከቤቴ አውጥቼ በእሱ በር ላይ አስቀመጥኩና ሰደቃ አልኩት። ከአሁን በኋላ ኪራዩ ከዋናው፣ ከምበላው ይሁን። ሰባትም ይሁን አስራ አምስት አይመለከተኝም። ብሩን ከወለድ ነፃው የማዞርበትን ፎርም በኢስማኤል ላኪልኝ፣ እዚሁ ፈርሜ እልካለሁ።

ከዚህ ጋር በፖስታ ዘጠኝ ሺህ ብር አለ፤ የየካቲት ቀሪና የመጋቢት ኪራይ ነው። አንቺ የሞላሽውንም እመልስልሻለሁ፣ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ይህንን ደብዳቤ ለእምሩ አንብቢለት። ሁሉንም። ፊቱ ቆሜ የምለው ስላልሆነ ነው።

መይሙና


መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ፒያሳ

ይድረስ ለእትዬ መይሙና፤

ጾሙን ያስፈጽምዎት። አነበብኩላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ጋሽ እምሩ የሆነ ሰው ሱሪ እያሳጠሩ ነበር፤ እውነተኛ ሥራ ነው፣ አፍንጮ በር ደንበኛ አፍርተዋል። ወይዘሮ ለተክርስቶስ በሩን ተደግፈው ቆሙ። «የግል ደብዳቤ ነው እትዬ» ብላቸው «እኔም የግል ቤቴ ነው» አሉኝ። እንግዲህ እሳቸውም ሰምተዋል፤ እሳቸው ከሰሙ አፍንጮ በር ሰምቷል ይበሉ።

መጀመሪያ መኪናቸውን እየረገጡ ነበር የሚያዳምጡት። «ስድስት ወር ይበቃዋል» የሚለው ላይ እግራቸው ቆመ። እኔም ቆምኩ።

«ቀጥይ» አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው አቋረጡኝ። «ስድስት አለች? እኔ ለራሴ አራት ነበር የሰጠሁት። ከእኔ ይልቅ እሷ ተስፋ ነበራት» ብለው ሳቁ። ሳሉ እንዳይነሣባቸው ፈራሁ፣ ግን ሳቅ ብቻ ነበር።

የፎርሙ ነገር ላይ ስደርስ አልሳቁም።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «የደነቆረው ጆሮ የእሷ እንጂ የእኔ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

«ምን ልበል? ‹አለሁ› ልበል? ሰው ‹አለሁ› ብሎ ለራሱ ይመሰክራል እንዴ? ‹አለ› የሚለው ሌላው ነው።»

ወይዘሮ ለተክርስቶስ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። እኔ ደብዳቤውን እጥፍ አደረግሁ። የላኩትን ፖስታ ሳወጣ ጋሽ እምሩ እጄን ወደ እኔ መለሱት።

«ይህንን አልቀበልም። እስከ ዛሬ በአንቺ እጅ መጣ፣ አላወቅሁም፣ በላሁት። አሁን አውቄያለሁ። ራሷ ይዛ ትምጣ። እዚህ በር ላይ ቆማ ለለተክርስቶስ ትክፈል። ‹ለማን ነው የምትከፍዪው?› ብላ ትጠይቃታለች፣ እሷም ስሜን ትጥራ። ካልመጣች መጋቢት ሠላሳ መኪናዬን ነቅዬ እወጣለሁ።»

«ወዴት ይወጣሉ ጋሼ?»

«እሱን እወጣና አየዋለሁ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ትላንት ስሄድ ግን ክሩን በካርቶን እያደረጉ አገኘኋቸው።

የእኔም ተራ ደረሰ። የሞላሁትን ገንዘብ ነገር አንስቼ «የእኔም አለበት፣ ያንን ምርቃት ግን አልሠራሁበትም» አልኳቸው። «ምርቃት ተመላሽ የለውም፣ ብድር መሰለሽ?» አሉኝ። ቁጥሩን ላኪልኝ ላሉኝ አልልክም፤ የዚያ ጃንጥላ ዋጋ ይሁን።

ፎርሙንም አልላክሁልዎትም። እዚያው ፈርመው የሚልኩት ፎርም የለም ብዬ ልዋሽዎት ነበር። አለ። ግን አልልክም።

እኔ ልክ ሆኛለሁ ያልኩ እንዳይመስልዎት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ ቀን መጀመሪያ ለመጣችው ደንበኛ ጮክ ብዬ «ለስድስት ወር ብቻ ነው!» አልኳት። አመስግናኝ ብሯን ይዛ ወጣች። አቶ ፍትዊ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ። ሁለተኛው ደንበኛ ሲመጣ ድምፄ ራሱ ዝቅ አለ። ምን እንዳደርገው ይመክሩኛል?

ልጅዎ ፍዮሪ


መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቡታጅራ

ለልጄ ለፍዮሪ፤

ዒድ በሰላም አለፈ። ፈይሩዝ አዲስ ልብስ አሰፋችልኝ፤ የትከሻው ስፌት ጠማማ ነው፣ ግን ዝም አልኩ።

ድምፅሽን ምን እንደምታደርጊው እኔ ልመክርሽ አልችልም። እኔ «አለ» የምትል አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶኝ ዓመት የሞላኝ ሰው ነኝ። ብቻ የመጀመሪያዋ ሴትዮ አመስግናሻለች። እሷን አስታውሺ።

ቅዳሜ ከኢስማኤል ጋር ጋቢና ነው የምመጣው። ለደረጃው የቲማቲም ሣጥን አዘጋጅቶልኛል። ለፈይሩዝ ለጆሮዬ ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው አልኳት። ዘጠኝ ሺውን አንቺው ጋ አቆዪው፤ አፍንጮ በር መግቢያው ላይ ጠብቂኝና እጄ ላይ ትሰጪኛለሽ። ባንክ ከዚያ በኋላ እንሄዳለን።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ትናንት እዚያ በር ላይ ቆሜ ስሙን እንዴት እንደምጠራው ስለማመድ፣ እምሩ ብዬ ቆምኩ። የአባቱን ስም አላውቀውም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር አልጠየቅሁትም። ኢስማኤል ዛሬ ማታ ሲመለስ በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ጎላ አድርገሽ።

እንደምመጣ ግን አትንገሪው። መንገድ ላይ ቡኢ ከተማ ስንደርስ ኢስማኤልን አውርደኝ ልለው እችላለሁ።

መይሙና